ተራዬን የሰጠሁበት እሑድ

ሰፈራችን ሁለት ምክር ቤት አለው ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ከሽሮ ሜዳ ዳገት ግራና ቀኝ ያሉት እድሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠቅላላ ጉባኤ አላቸው፤ እሱ ታችኛው ነው። ከየእድሩ ተመርጠን የምንላክ ተወካዮች ደግሞ በየሦስት ወሩ አንድ እሑድ እየተሰበሰብን ስለ ጋራው ደንብ፣ ስለ ጋራው ድንኳንና ስለ ጋራው እቃ ቤት እንመክራለን። አዳራሹ ያለው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚጀምርበት ጥግ ላይ ነው። ሽቅብ እያለከለክን ስንወጣ ያየ አንድ ቀልደኛ «ላይኛው ምክር ቤት» አለን፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ስሙ ቀልድ ነው፣ ሥርዓቱ ግን ቀልድ አያውቅም። ሊቀመንበራችን በደህናው ጊዜያቸው የእውነተኛው ላይኛው ምክር ቤት አባል የነበሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጥተው ሰፈር ሲገቡ ካፖርታቸውንና ሥርዓታቸውን ይዘው ገቡ። «አፈ ጉባኤ» እያልን እንጠራቸዋለን። እዚያ ቤት አፈ ጉባኤ ሆነው አያውቁም፤ ስሙን ግን አይጠሉትም።

ይዘውት ከመጡት ሁሉ ትልቁ ማስታወቂያ የሚሉት ነገር ነው። እሳቸው በሚመሩት ቤት ማንም ድንገት ብድግ ብሎ «ይህ ይወሰን» ማለት አይችልም። የውሳኔ ሐሳብ ያለው ሰው፣ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል «ማስታወቂያ ያለው?» ተብሎ ሲጠየቅ ቆሞ ሐሳቡን ባጭሩ ይናገራል። አንድ ሌላ ተወካይ «እደግፋለሁ» ይላል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል። ክርክሩና ድምፁ ለሚቀጥለው ስብሰባ ነው። እስከዚያ ድረስ ጉዳዩ ባለበት ይቆያል፣ ማንም አይነካውም። ይህ ሁሉ መሆን ያለበት ስብሰባው ከመዘጋቱ በፊት ነው፤ ስብሰባ የሚዘጋው ደግሞ በአሜን ነው። ከአሜን በኋላ እንኳን ሐሳብ፣ ሰላምታም አይመዘገብም ይላሉ።

እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት እንዲህ አልነበረም። አንድ ክረምት፣ ዝናብ መጣ ብሎ ግማሹ ሰው ከወጣ በኋላ አንዱ ተነስቶ «ትልቁ ድንኳን አርጅቷልና ይሸጥ» አለ፤ የቀሩት ለመሄድ ቸኩለው እጃቸውን አወጡ። መሸጡን ሌሎቻችን የሰማነው ጎረቤት ሞቶ ድንኳን አምጡ ተብለን ስንላክ ነው። ስለዚህ አፈ ጉባኤ «ሰው ባልተዘጋጀበት ነገር እጁን አያውጣ» ሲሉ ልክ ናቸው። የሚያናድደኝም ልክ መሆናቸው ነው።

የዚያን እሑድ ማስታወቂያ ልሰጥ የወጣሁት በእማማ ጉዳይ ነበር። እማማ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፤ ከመንገዱ ማዶ፣ በራቸው ከበራችን ትይዩ የሆነ ጎረቤታችን ነበሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የእድሩን እቃ ቤት ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የማውቃቸው። ሰው ሲሞት ጡሩንባው ተነፍቶ ሳያበቃ እማማ እቃ ቤቱን ከፍተው ድስትና ሳህን ያወጣሉ። የትኛው ድስት ጆሮው እንደላላ፣ የትኛው ክዳን ለየትኛው እንደሚገጥም የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ባሏ የሞተባት ሴት እንባዋን ሳትጠርግ ማድቤቷ ውስጥ እሳት ተያይዞ ታገኛለች፤ ማን አያያዘው ብላ አትጠይቅም።

ከዚያ የመንገዱ ያኛው ወገን ለልማት ተነሳ፤ የእኛ ወገን ቀረ። እማማ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፣ አራተኛ ፎቅ። ልባቸው ታሞ ስለነበር አንዴ የወጡት ደረጃ ለሐኪም ቤት ካልሆነ መልሶ አላወረዳቸውም። የእኛ ደንብ ደግሞ «ከሰፈር የለቀቀ አባል በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ይሰረዛል» ይላል። የበጀት ዓመቱ የሚያልቀው ከዚያ እሑድ በኋላ፣ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ነበር። አዲሱ ሰፈር ያለው እድር አዲስ ገቢን ቶሎ አያገለግልም፤ መጀመሪያ ቆይ ከዚያ ሙት ነው ነገሩ። እማማ ደግሞ የሚቆዩበት ጊዜ አልነበራቸውም። ሐኪሙ ይህን አልደበቀንም፤ እሳቸውም አልጠየቁትም።

ልጠይቃቸው ስሄድ «እኔ ብዙ አልለምንም» አሉኝ። «ድንኳኔ የማውቃቸው ሰዎች መሀል ይተከል፣ በቃ። እዚህ ብሞት ሬሳዬን በሊፍቱ የሚያወርድልኝ እንኳ የለም።»

«ሊፍት አለ እንዴ እማማ?»

«የለም እኮ!» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ደግሞ ሳል ሆነባቸውና ጀርባቸውን ደገፍኳቸው። የተወካይነቴን ነገር ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው። የለቀቁ አባላት መዋጯቸውን እስከከፈሉ ድረስ አባልነታቸው ይቀጥል የሚል ሐሳብ ላቀርብ ወሰንኩ። ሐሳቡ ይጽደቅ አይጽደቅ ኋላ ይታያል፤ የሚያስፈልገኝ ማስታወቂያው ነበር። ማስታወቂያው ከተሰጠ ጉዳዩ ባለበት ይቆያል፣ እማማ አይሰረዙም። ካልተሰጠ ግን የሚቀጥለው ስብሰባ ሲደርስ እማማ የማንም አይደሉም።

ደጋፊ እንዲሆኑኝ አዲሱ ገበያ ላይ ጎሚስታ ቤት ያላቸውን ሰውዬ ያዝኩ። የፕሮቴስታንቶቹ ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸው ከጎማ ጥቁረት ለቅቆ አያውቅም፣ ጸሎታቸው ደግሞ በርዝመቱ የታወቀ ነው። አንድ ለቅሶ ላይ «አሜን» እስኪሉ ወጡ ቀዝቅዞ እንደገና ተሞቋል። ዳገቱን አብረን እየወጣን ነገሩን ስነግራቸው ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና «እናቴ የሞተች ጊዜ እማማ ሦስት ቀን እቤታችን አድረዋል። አንቺ ተናገሪ እንጂ እኔ እደግፋለሁ» አሉ።

መናገር ደግሞ ለእኔ ምኑ ይከብዳል! ሥራዬ ሽሮ ሜዳ ላይ ነጠላና ጋቢ መሸጥ ነው። ደንበኛ «ቀንሺ» ሲለኝ የምመልሰውን መልስ ጎረቤት ሱቆች ሥራ አቁመው ነው የሚሰሙት። የማስታወቂያውን ቃል ስደጋግመው ስለሰነበትኩ በሕልሜም ይወጣኝ ነበር። እንዲያም ሆኖ አዳራሹ ውስጥ ስቀመጥ ቃሉን በልቤ እንደገና ደገምኩት። ስለ ድንኳን ጥገና ተነገረ፣ ስለ ውሃ ታንከር ተነገረ። እኔ አንዱንም አልሰማሁም፤ የሊቀመንበሩን አፍ ብቻ ነበር የማየው።

በመጨረሻ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ማስታወቂያ ያለው?» አሉ።

ብድግ አልኩ። ከፊቴ ካለው አግዳሚ ደግሞ አንድ አዛውንት ሸማኔ ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። አባቴ በሕይወት ሳለ እንኳ «ጋሼ» ብሎ ነበር የሚጠራቸው፤ እኔም ጋሼ ነው የምላቸው። ዘወር ብለው አዩኝ።

«ኧረ ይቅደሙ ጋሼ!» ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ አፌ ነው።

«አይ ልጄ፣ አንቺ ጀምሪ።»

«ኧረ በሞቴ! እርስዎ ቆመው?»

«አፈር ስሆን፣ አንቺ ቅደሚ።»

«አይሆንም ጋሼ፤ ታላቅ እያለ!» ብዬ ተቀመጥኩ።

ለሳምንታት ያጠናሁትን ነገር በአንድ ይሉኝታ ዋጥኩት ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን እንደዋጥኩት እንኳ አላወቅሁም፤ ጨዋ የሆንኩ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካከልኩ። የጋሼ ማስታወቂያ ስለ ፕላስቲክ ወንበሮቹ ነበር። ወንበሮቹ እየተሰበሩ ነው፤ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ራሱ ተለቃሽ ሊሆን ነው፤ ድሮ አግዳሚ ነበር፣ አግዳሚ እንዲህ አይደለም። ባጭሩ ይባላል የተባለው ነገር ረዘመ። አንዱ «እደግፋለሁ» ብሎ ገላገለን። እኔም ተነሳሁ።

«ማስታወቂያው ተዘግቷል። ለጸሎት እንነሳ» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እንዴ! እኔ እኮ አለኝ!»

«ተራሽን ሰጥተሻል ልጄ። ተራውን ለሌላ የሰጠ ለዚያ ስብሰባ ተራ የለውም። ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ተራ እየተቀባበሉ ስብሰባ የሚያስመሹ ሰዎችን ለመቁረጥ ያመጡት ደንብ ነው፤ ሲጸድቅ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ሱቄ ውስጥ ቢሆን መንገድ እስኪዘጋ በጮህኩ ነበር። ግን ሰዉ ቆሟል፣ ባርኔጣ ወልቋል፣ ነጠላ ወደ ራስ ተስቧል። ለጸሎት በቆመ ሰው ፊት ክርክር የሚከፍት ምን ዓይነት ሰው ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን ብጮህ ከማፈር በቀር የማተርፈው አልነበረም። ዓይኔን ጨፍኜ ጥርሴን ነከስኩ። በራሴ ላይ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። እማማን የማያቸው አራተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ሆነው ስልክ ሲጠብቁ ነበር፤ እኔ የምነግራቸው ደግሞ ወንበሮቹ ሊቀየሩ መሆኑን ነው።

ምክር ቤታችን ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም ስላለበት ስብሰባውን አንዱ ወገን ከከፈተው ሌላው ይዘጋዋል። የዚያን ቀን በአባታችን ሆይ ተከፍቶ ስለነበር መዝጊያው የጎሚስታው ነበር። ከወደ ኋላ አንድ ሰው ረጅሙን ጸሎት አስቦ ሲተነፍስ ሰማሁ።

«አባት ሆይ» አሉ፣ «በዚህ ቤት ስለተነገረው ሁሉ እናመሰግንሃለን። ስለ ወንበሮቹም እናመሰግንሃለን። የታመመውን ፈውስ፣ ያዘነውን አጽናና፣ ለአገራችን ሰላም ስጥ።»

እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ ወደ ዝናቡ፣ ከዝናቡ ወደ ተማሪዎቹ፣ ከተማሪዎቹ ወደ ሾፌሮቹ ነው የሚሄዱት። አልሄዱም። ዝም አሉ። ዝምታው ስለረዘመ አንድ ዓይኔን ገለጥኩ። ጥቁር እጆቻቸውን አጥብቀው ይዘዋል፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ይታይ ነበር።

«ደግሞም ጌታ ሆይ፣ ለሚቀጥለው ጉባኤ፣ ከሰፈር የለቀቁ አባላት መዋጯቸውን እስከከፈሉ ድረስ አባልነታቸው ይቀጥል የሚል የውሳኔ ሐሳብ እንደሚቀርብ አንተ ታውቃለህ። እኛም እንወቀው። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ። ሰዉ ዓይኑን የገለጠው አሜን ካለ በኋላ ነው።

ሁሉም ባንድ ጊዜ ተናገረ። «ጸሎት መቀለጃ ሆነ!» የሚል አለ። የሚስቅ አለ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ፤ እሳቸው ጠረጴዛ ሲመቱ አይቼ አላውቅም።

«ይህ ምንድን ነው? ጸሎት ነው ማስታወቂያ?»

«ጸሎት ነው» አሉ ጎሚስታው። «እግዚአብሔር ፊት ያልኩትን እናንተ ፊት ልደብቀው?»

«የእሷ ሐሳብ ነው እኮ። እሷ ተራዋን ሰጥታለች!»

ያን ጊዜ አፌ ተመለሰልኝ። «እኔ ምን ተናገርኩ አፈ ጉባኤ? ትንፍሽ ብያለሁ? የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ተራቸውን ለማንም አልሰጡም። ስብሰባ የሚዘጋው በአሜን ነው ያሉን እርስዎ ነዎት፤ የተነገረው ከአሜን በፊት ነው።»

«ደጋፊስ? ደጋፊ የሌለው ማስታወቂያ ማስታወቂያ አይደለም።»

ዘወር ብዬ አዳራሹን አየሁት።

«አሜን ያላለ እጁን ያውጣ!»

አንድም እጅ አልወጣም። አሜን አላልኩም ብሎ በእሑድ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጁን የሚያወጣ ማን ነው? ጋሼ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንኳኩተው «እኔ እንዲያውም ሁለቴ ብያለሁ» አሉ።

«እርስዎም ብለዋል» አልኳቸው ሊቀመንበሩን፤ «ድምፅዎን ሰምቻለሁ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ወደ ብርሃን አድርገው አዩት፣ እንደገና ጠረጉት። ውጭ ባሕር ዛፉ ሲወዛወዝ ይሰማ ነበር። ሥርዓታቸውን ምን ያህል እንደሚወዱ ስለማውቅ እምቢ እንደሚሉ እርግጠኛ ነበርኩ፤ እምቢ ቢሉ ደግሞ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

«ማስታወቂያ የሚሰጠው ለምንድን ነው?» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «ማንም ሳይሰማ እንዳይወሰንበት ነው። ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል።»

«ይመዝገብ። እስኪመከርበት ድረስ ጉዳዩ ባለበት ይቆያል። ሁለተኛ ግን በዚህ ቤት በጸሎት ማስታወቂያ የሚሰጥ ሰው...» አሉና ወደ ጎሚስታው አይተው ሳይጨርሱት ወረቀታቸውን ሰበሰቡ።

ከአዳራሹ በር ላይ ሆኜ ለእማማ ደወልኩ። እንዴት እንደሆነ ስነግራቸው ብዙ አልሳቁም፤ የሚበቃ ትንፋሽ አልነበራቸውም።

«እና አልተሰረዝኩም?»

«አልተሰረዙም። ማንም አይነካዎትም።»

«ተመስገን። እንግዲህ ሳልሰጋ መሞት እችላለሁ።»

«ኧረ እማማ! አፍዎን በዳቦ!»

«በዳቦ አልሽ? እሱን እንኳ ሐኪሙ ከልክሎኛል» አሉኝ።

የሞቱት የበጀት ዓመቱ ካለቀ በኋላ፣ ስብሰባው ከመድረሱ በፊት ነው። ጡሩንባው ሰፈራችን ተነፋ። ድንኳኑ በራችን ላይ ተተከለ፤ ፊቱ ቤታቸው ወደነበረበት ባዶ መሬት ነበር። ከአዲሱ ሰፈራቸው አስከሬናቸውን በደረጃ ያወረዱት ከዚህ በአውቶቡስ የሄዱ የእድሩ ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ ትልቁን ድስት አውጥተው ክዳኑን ፈልገው አጡት። ሁላችንም ባንድ ጊዜ «እማማን ጠይቋቸው» ልንል አፋችንን ከፍተን ቀረን። አለቀስኩ። ስወጣ ስገባ ያልወጣልኝ ለቅሶ በድስት ክዳን ወጣልኝ።

ሊቀመንበሩን ከቀብር መልስ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ውሃ ሳቀርብላቸው ተቀብለው ሳይጠጡ ያዙት።

«ሐሳብሽን እቃወማለሁ» አሉኝ።

«ምን አሉ?»

«ስብሰባው ላይ። እቃወማለሁ። ርቆ የሄደ ሰው መዋጮ ይልካል፣ ለቅሶ ግን አይደርስም። እድር በመዋጮ አይቆምም፤ በመድረስ ነው የሚቆመው።»

ደሜ ፈላ። «በእማማ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ነው ይህን የሚሉኝ?»

«አዎ» አሉ። «ዛሬ የምነግርሽ ድንገት እንዳይሆንብሽ ነው። ተዘጋጂ።» ውሃውን ጠጡና ብርጭቆውን መለሱልኝ። «ደግሞ ተራሽን ለማንም አትስጪ።»

ተናድጄም ሳልናደድም ተዘጋጀሁ። ከመንገዱ ያኛው ወገን ተነስተው ከተማው ዳር ዳር የተበተኑት የቀሩት ጎረቤቶቻችን ሁሉ ስልኬን ያጨናንቁት ጀመር። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፤ እኛስ?

እሑዱ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቶ መስኮቱ ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ማስታወቂያ የተሰጠበት የውሳኔ ሐሳብ አለ። አቅራቢው?» አሉ።

ተነሳሁ። ከፊቴ ጋሼም ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ ሊናገሩልኝ እንደሆነ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ዘወር ብለው አዩኝ። አፌ «ኧረ» ብሎ ጀምሮ ነበር።

«ኧረ ይቀመጡ ጋሼ» አልኩ። «ዛሬ እኔ እቀድማለሁ።»